በእንግሊዝኛ ጽሕፈት አንዱን ነገር ከሌላው ስለ ማበላለጥ

በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ ከላፍቶ ከፍታ ላይ የቆመ ሰው ፊቱን ወደ ሰሜን ቢያዞር የእንጦጦን ተራራ ያያል፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢመለከት ደግሞ የፉሪ ተራራ ከፊቱ ነው። በዚያ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ሁለቱን ተራሮች በየቀኑ ስለሚያያቸው ማንም ሳያስተምረው «እንጦጦ ከፉሪ ይረዝማል» ይላል። ነገሩም እውነት ነው፤ እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል፤ ፉሪ ግን 3000 ሜትር አይሞላም። ይኸው ልጅ ያንኑ ነገር በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ በታዘዘ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ «እንጦጦ ኢዝ ሃይ ፍሮም ፉሪ» ብሎ ይጽፋል። በልቡ የያዘው አሳብ ቀና ነው፤ የጻፈው ቃል ግን ያን አሳብ አያደርስም። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ይህን ባነበበ ጊዜ «ፉሪ ላይ ሆነው ሲያዩት እንጦጦ ከፍ ብሎ ይታያል» ማለቱ ይመስለዋል። ልጁ ተራራን ከተራራ ሊያበላልጥ ተነሥቶ አንዱን ተራራ መቆሚያ፣ ሌላውን መታያ አደረገው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ከስንፍና የመጣ አይደለም። የሚመጣው ልጁ የእናቱን ቋንቋ ሥርዓት እንደ ያዘ ወደ እንግዳው ቋንቋ ስለሚገባ ነው። መምህሩ በቀይ ቀለም አስምሮበት ብቻ ቢያልፈው ልጁ መሳሳቱን ያውቃል እንጂ የተሳሳተበትን ምክንያት አያውቅም፤ ምክንያቱን ያላወቀም በማግሥቱ በሌላ ቃል ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ አማርኛ በምን እንደሚያበላልጥ፣ እንግሊዝኛም በምን እንደሚያበላልጥ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ ማሳየት ይገባል። የእንግሊዝኛው ቃል ከዚህ በግእዝ ፊደል የተጻፈው ድምፁን ለማሰማት ነውና መምህሩ በሰሌዳ ላይ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል።

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የያዘው ስፍራ ትንሽ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ካቆሙ በኋላ ብዙ ዘመን ከውጭ አገር ቋንቋዎች ዋነኛው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ጠላት ከወጣበት ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንግሊዝኛ በፈረንሳይኛ ስፍራ ገባ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በልጁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ ሒሳብን በአማርኛ የተማረ የገጠር ልጅ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ «የትኛው ይበልጣል? በስንት ይበልጣል?» የሚለውን ጥያቄ በሒሳብም፣ በጂኦግራፊም፣ በሳይንስም በእንግሊዝኛ ተጽፎ ያገኘዋል። የማበላለጫውን ቃል አጥርቶ ያልተማረ እንደ ሆነ ሒሳቡን እያወቀ መልሱን ይስታል።

አማርኛ ነገርን ከነገር ሲያበላልጥ ሸክሙን የሚጥለው በአንዲት ፊደል ላይ ነው፤ ይህችም «ከ» ናት። የ«ከ» ሥራ ብዙ ነው። «ከጎንደር መጣ» ሲሉ መነሻን ታመለክታለች፤ «ከጧት ጀምሮ» ሲሉ ጊዜን፤ «ከወንድሙ ጋር» ሲሉ አብሮ መሆንን፤ «ከመጣ ይነገረዋል» ሲሉም ምናልባትን። ከእነዚህ ሁሉ ጋር ማበላለጥን ደርባ ትሠራለች። ቅጽሉ ግን ከቶ አይለወጥም፤ «ረጅም» የሚለው ቃል ለብቻው ቢነገርም ረጅም ነው፤ ከሌላ ጋር ቢመዛዘንም ያው ረጅም ነው። መበላለጡን የሚያስታውቀው «ከ» ከግሡ ጋር ሆኖ ነው፤ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ይበልጣል፣ ያንሳል፣ ይሻላል፣ ይከፋል ይባላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» በሚለው ምሳሌ ደግሞ «ይቅደም» የሚለው ግሥ ይህን ሥራ ይሠራል። አንዳንድ ጊዜም ግሡ ፈጽሞ ይቀራል፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» ሲባል ይበልጣል ወይም ይሻላል የሚል ቃል አልተነገረም፤ ሰሚው ግን ከምግቡ የጋባዡ ፊት መብለጡን በ«ከ» ብቻ ያስተውላል።

ይህ ሥርዓት የአማርኛ ብቻ አይደለም። ቅኔ ቤት የገባ ደቀ መዝሙር «እም» እና «እምነ» የሚባሉትን አገባቦች ሲማር ሁለቱም «ከ» ተብለው እንደሚፈቱ ያውቃል። «ወፅአ እምቤት» ቢባል «ከቤት ወጣ» ማለት ነው፤ «የዐቢ ደብር እምቤት» ቢባል ደግሞ «ተራራ ከቤት ይበልጣል» ማለት ነው፤ «እም» አንድ ሲሆን ሥራው ሁለት ነው። ዐረብኛም «ሚን» የሚለውን ቃል ሁለቱንም ሥራ ያሠራዋል፤ ነገር ግን ዐረብኛ ከዚህ ጋር ቅጽሉን ራሱን ይለውጣል፤ ትልቅ «ከቢር» ሲሆን የሚበልጠው «አክበር» ይባላል። እንግሊዝኛ ቅጽሉን በመለወጥ ዐረብኛን ይመስላል፤ ከሁሉም የሚለየው ግን መነሻን የሚያመለክተውን ቃልና የሚያበላልጠውን ቃል ለየብቻ ያደረገ በመሆኑ ነው። መነሻው «ፍሮም» ነው፤ ማበላለጫው «ዛን» ነው፤ አንዱ በሌላው ስፍራ አይገባም።

ስለዚህ «እንጦጦ ከፉሪ ይረዝማል» የሚለው በእንግሊዝኛ «እንጦጦ ኢዝ ሃየር ዛን ፉሪ» ይሆናል። በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ተለውጦአል፤ «ሃይ» የሚለው ቅጽል ጭራ አውጥቶ «ሃየር» ሆነ፤ «ከ»ም «ዛን» ሆነች። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ አንዱን ለውጠው ሌላውን ይረሳሉ፤ «ሃይ ዛን» ብሎ የጻፈ ጭራውን ረስቶአል፤ «ሃየር ፍሮም» ብሎ የጻፈም «ከ»ን ይዞ ቀርቶአል። ደግሞም «ዛን» የሚለው ቃል «ከዚያ በኋላ» ተብሎ ከሚፈታው ከ«ዜን» ጋር በጽሕፈት የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። በጥንት ዘመን ሁለቱ አንድ ቃል ነበሩ። ድምፃቸውም ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እጅግ ስለሚቀራረብ ተማሪው በጆሮው ከመተማመን ይልቅ አጻጻፋቸውን በዓይኑ ቢያጠና ይሻለዋል።

ጭራው «ኧር» የሚቀጠለው በአጭር ቅጽል ላይ ነው። እንደ «ቶል»፣ እንደ «ስሞል»፣ እንደ «ኮልድ» ያለ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚነገር ቃል ጭራውን ይቀበላል፤ እንደ «ሄቪ» ያለ በ«ዋይ» ፊደል የሚጨርስ ባለ ሁለት ክፍል ቃልም ይቀበላል፤ ነገር ግን «ዋይ» ወደ «አይ» ፊደል ይለወጣል። ረዘም ያለ ቃል፣ ለምሳሌ «ቢዩቲፉል» ወይም «ኤክስፔንሲቭ»፣ ጭራ አይሸከምምና «ሞር» የሚል ቃል ይቀድምለታል። ሥርዓት የማይገዛቸው ጥቂቶች ደግሞ አሉ፤ «ጉድ» «ቤተር»፣ «ባድ» «ወርስ»፣ «ሊትል» «ለስ»፣ «መች» እና «ሜኒ» «ሞር» ይሆናሉ። እነዚህን በቃል ከማጥናት በቀር ሌላ መንገድ የለም።

«ቢግ» እና «ሆት» የሚባሉት ቃላት ጭራ በሚያወጡበት ጊዜ የመጨረሻ ፊደላቸው በጽሕፈት ይደገማል፤ አንባቢው ግን በአፉ አያጠብቀውም። ይህ ለአማርኛ ተማሪ ተገላቢጦሽ ነው። አማርኛ በአፍ እያጠበቀ በጽሕፈት አያሳይም፤ «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል እንደሚያመለክት የሚነግር ምልክት በገጹ ላይ የለም። እንግሊዝኛ በዚህ ስፍራ በጽሕፈት እያጠበቀ በአፉ ያላላል። ልጁ «ቢገር» ብሎ በጽሕፈት አንድ «ጂ» ብቻ ቢያደርግ ጆሮው የነገረውን ጻፈ እንጂ አልደነቈረም፤ ይህንንም መምህሩ ቢነግረው ቶሎ ይገባዋል።

ከስሕተቶች ሁሉ በተማሪዎች ደብተር ዘወትር የሚገኘው «ሞር ቤተር» የሚለው ነው። ምክንያቱም አማርኛ ማበላለጫን መደራረብ አይጠላም፤ «ይበልጥ የተሻለ» ቢባል ጆሮን አያሻክርም። ልጁ «ይበልጥ» የሚለውን «ሞር»፣ «የተሻለ» የሚለውን «ቤተር» ብሎ ሲፈታ ቃል በቃል አልተሳሳተም። ነገር ግን «ቤተር» የሚለው ቃል መብለጥን አስቀድሞ በውስጡ ይዞአል፤ «ሞር» ሲጨመርበት በአንድ በሬ ጫንቃ ላይ ሁለት ቀንበር መጫን ይሆናል። «ሞር ቶለር» እና «ሞስት ሃየስት» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን ይህ ሁልጊዜ እንደ ነውር አይቈጠርም ነበር፤ ከ400 ዓመት በፊት የነበረው ባለ ተውኔት ሼክስፒር ማበላለጫን በማበላለጫ ላይ ደርቦ የጻፈባቸው ስፍራዎች አሉ። ኋላ የተነሡ የሰዋስው መምህራን ግን ከለከሉት፤ ዛሬም በትምህርት ቤት ጽሕፈት አይፈቀድም። ስለዚህ ተማሪው «ሼክስፒርም ብሎታል» ብሎ በፈተና ቢከራከር የሚሰማው የለም።

የብልጫውን ብዛት ለማስታወቅ ሲፈለግ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አማርኛ «በጣም ጥሩ ነው» ይላል፤ «በጣም ይሻላል»ም ይላል፤ «በጣም» በሁለቱም ስፍራ ያው ነው። እንግሊዝኛ ግን ይለያል። ካልተበላለጠው ቅጽል ጋር «ቬሪ» ይሄዳል፤ «ቬሪ ጉድ» ይባላል። ከተበላለጠው ጋር ግን «ቬሪ» አይሄድም፤ «መች ቤተር» ወይም «ፋር ቤተር» መባል አለበት። ብልጫው ጥቂት ሲሆንም «ኤ ሊትል ቤተር» ይባላል። «ቬሪ ቤተር» ብሎ የጻፈ ልጅ «በጣም»ን በአንድ ቃል ብቻ ፈትቶ ያለቀለት መስሎታል።

አማርኛ የማይቈጥረውን እንግሊዝኛ የሚቈጥርበትም ስፍራ አለ። በነፋስ ስልክ ላፍቶ በኩል የሚያልፈው ወንዝ ትንሹ አቃቂ ይባላል፤ ከከተማው በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ትልቁ አቃቂ ነው፤ ሁለቱም ወደ አባ ሳሙኤል የውኃ ግድብ ይገባሉ። «ትልቅ» የሚለው ቃል «ትልቁ» በሆነ ጊዜ ያለ «ከ» እና ያለ «ይበልጣል» ብቻውን ማበላለጫ ሆኖአል። ይህ «ትልቁ» የሚለው ቃል ግን ነገሮቹ 2 ቢሆኑም 7 ቢሆኑም አይለወጥም፤ ከሁለት ወንድማማቾች የሚበልጠው «ትልቁ ልጅ» ነው፤ ከሰባትም የሚበልጠው «ትልቁ ልጅ» ነው። እንግሊዝኛ ግን አስቀድሞ ስንት እንደ ሆኑ ይጠይቃል። ሁለት ከሆኑ «ዘ ቢገር» ይላል፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ «ዘ ቢገስት» ይላል። በቃል ንግግር እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ሁልጊዜ አይጠብቁም፤ በጽሕፈት ግን መጠበቁ ይመረጣል።

ይህን ለማስተማር ተራሮቹ መልካም ምሳሌ ይሆናሉ። ፉሪና እንጦጦ ብቻ ሲመዛዘኑ እንጦጦ «ዘ ሃየር ኦቭ ዘ ቱ» ነው። ከከተማው በስተ ምዕራብ ያለው ወጨጫ በሦስተኛነት በተጨመረ ጊዜ ግን ወጨጫ ከሁለቱም ስለሚረዝም «ዘ ሃየስት ኦቭ ዘ ስሪ» ይባላል። እንጦጦ ከፍታው አልጐደለም፤ ስሙ የተለወጠው ሦስተኛ ስለ መጣ ብቻ ነው። የገጠር መምህር በእነዚህ ፋንታ ከትምህርት ቤቱ ደጅ የሚታዩትን የአገሩን ኮረብቶች ስም ቢያገባ፣ ኮረብታ ከሌለም ሦስት በትሮች ቆርጦ በመጀመሪያ ሁለቱን፣ ቀጥሎም ሦስቱን አቁሞ ቢያሳይ፣ ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትን በቶሎ አይረሱትም።

ቀጥሎ ያለው ነገር ከቃል ይልቅ የማስተዋል ጉዳይ ነው። ሚዛን የሚቀናው በሁለቱ ወገን የሚመዘኑት ነገሮች አንድ ዓይነት የሆኑ እንደ ሆነ ነው። ተማሪው «የኢትዮጵያ ሕዝብ ከኬንያ ይበልጣል» የሚለውን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው በአንዱ ወገን ሕዝብን፣ በሌላው ወገን አገርን አስቀምጦአል፤ ሕዝብ ከአገር ጋር አይመዘንም። ጠንቃቃ የሆነ አማርኛ ጸሓፊ «ከኬንያው» ይላል፤ ይህች «ው» «ከኬንያው ሕዝብ» ለማለት የቆመች ናት። እንግሊዝኛ ለዚህ የሚሆን «ዛት ኦቭ» የሚል ቃል አለው፤ «ላርጀር ዛን ዛት ኦቭ ኬንያ» ተብሎ ይጻፋል። የሚመዘኑት ነገሮች ብዙ ሲሆኑ «ዞዝ ኦቭ» ይባላል። «የዚህ ዓመት ሰብል ከአምና ይሻላል»፣ «የላፍቶ መንገድ ከጎፋ ይሰፋል» የሚሉትም በዚሁ መንገድ መታረም ይችላሉ። በንግግር ጊዜ ሰሚው የጐደለውን በልቡ ሞልቶ ያልፋል፤ የተጻፈ ቃል ግን ጸሓፊው በሌለበት ይነበባልና የሚሞላለት የለም።

ሁለተኛው የማስተዋል ጉዳይ አንድን ነገር ከራሱ ጋር አለማበላለጥ ነው። ራስ ዳሸን ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል። ተማሪው ይህን «ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮጵያ» ብሎ ቢጽፍ፣ ራስ ዳሸን ራሱ በኢትዮጵያ ያለ ተራራ ስለ ሆነ፣ ከራሱም ጭምር ይረዝማል እንዳለ ይቈጠራል። ስለዚህ «ኤኒ አዘር ማውንቴን» ተብሎ «ሌላ» የሚለው ቃል መግባት አለበት። በታንዛኒያ ያለው ኪሊማንጃሮ ከፍታው 5895 ሜትር ነው፤ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል፤ እርሱ ግን በኢትዮጵያ ውስጥ ስላልሆነ ስለ እርሱ ሲጻፍ «አዘር» አያስፈልግም። አንዲት ቃል መግባትዋ ወይም መቅረትዋ ተራራው በየትኛው አገር እንዳለ ትናገራለች ማለት ነው። ከዚሁ ጋር «ከረጃጅሞቹ ተራሮች አንዱ» በሚባልበት ጊዜ «ዋን ኦቭ ዘ ሃየስት» ካለ በኋላ «ማውንቴንስ» ብሎ በብዙ ቍጥር መጻፍ ግድ ነው፤ አንዱ የሚወጣው ከብዙዎች መካከል ነውና።

አንዳንዴ ደግሞ ስሕተቱ ከሰዋስው አልፎ ሰውን ከሰው ሊያጣላ ይችላል። «መምህሩ ሰሎሞንን ከዳዊት ይበልጥ ይወዱታል» ቢባል፣ መምህሩ ዳዊትን የሚወዱት ከሰሎሞን አሳንሰው ነው ማለት ይሆናል፤ ወይም ሰሎሞንን ዳዊትም ይወደዋል፣ የመምህሩ ፍቅር ግን ይበልጣል ማለት ይሆናል። በዚህ ነገር አማርኛም እንግሊዝኛም እኩል ይደናገራሉ። እንግሊዝኛ ግን በመጨረሻ አንዲት አጭር ግሥ ጨምሮ ያጠራዋል፤ «ዛን ዳዊት ዳዝ» ከተባለ ዳዊት ወዳጅ ነው፤ «ዛን ሂ ላቭዝ ዳዊት» ከተባለ ዳዊት ተወዳጅ ነው። አማርኛም «ዳዊት ከሚወደው ይበልጥ» ወይም «ዳዊትን ከሚወዱት ይበልጥ» በማለት ሊያጠራው ይችላል፤ ጸሓፊዎች ግን በጥቂት ቃላት ስለሚያስረዝመው ይሰለቹታል።

በ«ዛን» የማይገዙ ጥቂት ቃላትም አሉ። «ሲንየር»፣ «ጁንየር»፣ «ሱፒርየር»፣ «ኢንፊርየር» የሚባሉት ከላቲን ቋንቋ የተወረሱ ናቸውና ከኋላቸው «ቱ» ይከተላል። «ፕሪፈር» የሚለው ግሥም እንዲሁ ነው፤ «ከቡና ሻይ ይመርጣል» የሚለውን ተማሪ «ፍሮም ኮፊ» ይለዋል፤ ትክክሉ «ፕሪፈርስ ቲ ቱ ኮፊ» ነው። እኩልነትን በሚያስረዱ ቃላት ደግሞ «ጋር» የምትለው ቃል ታሳስታለች። አማርኛ «ከዚያ ጋር ይመሳሰላል»፣ «ከዚያ ጋር አንድ ነው» ስለሚል ተማሪው «ሲሚላር ዊዝ»፣ «ሴም ዊዝ» ይላል፤ የሚገባው ግን «ሲሚላር ቱ» እና «ዘ ሴም አዝ» ነው። «እንደ ወንድሙ ረጅም ነው» የሚለውም «አዝ» ሁለት ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዱ ከቅጽሉ በፊት፣ ሌላው ከቅጽሉ በኋላ፤ አማርኛ አንድ «እንደ» ብቻ ስላለው ፊተኛው «አዝ» ዘወትር ይረሳል። መለየትን በሚያመለክተው «ዲፈረንት» ላይ ግን «ፍሮም» በትክክል ይገባል፤ «ከ» በመጨረሻ በገዛ ስፍራዋ የተቀመጠችው በዚህ ነው።

ቍጥር በገባበት ስፍራ ሁሉ ጥንቃቄው ሊበዛ ይገባል። በአንድ ትምህርት ቤት አምና 20 ሴቶች ልጆች ቢኖሩና ዘንድሮ 60 ቢሆኑ፣ የዘንድሮው የአምናውን ሦስት እጥፍ ሆኖአል፤ ጭማሪው ግን 40 ነው፤ ይኸውም የአምናው ሁለት እጥፍ ነው። ይህን «ስሪ ታይምስ አዝ ሜኒ» ብሎ የጻፈ 60 ማለቱ በግልጽ ይታወቅለታል። «ስሪ ታይምስ ሞር» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ ግን አንዱ አንባቢ 60 ይለዋል፤ ሌላው በ20 ላይ ሦስት ጊዜ 20 ጨምሮ 80 ይለዋል። አማርኛውም «በሦስት እጥፍ ይበልጣል» በተባለ ጊዜ ከዚህ ክርክር አያመልጥም። ስለዚህ የትምህርት ቤት መግለጫ የሚጽፍ ሰው እጥፉን ከመናገሩ በፊት ሁለቱን ቍጥሮች ቢያሰፍር ጭቅጭቁ ይቀራል።

«የማይበልጥ» እና «የማያንስ» የሚሉትን መለዋወጥ ደግሞ አደጋው በሰውነት ላይ ይደርሳል። በብዙ የመድኃኒት መጠቅለያ ላይ ያለው ጽሕፈት እንግሊዝኛ ነው፤ በገጠር ቤትም ማንበብ የሚችለው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ብቻ ነው። ፓራሲታሞል የሚባለው የራስ ምታትና የትኩሳት መድኃኒት፣ ባለ 500 ሚሊግራሙ፣ ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳይበልጥ ታዝዞአል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ጉበትን ይጎዳል። ይህ በእንግሊዝኛ «ኖት ሞር ዛን ኤይት» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ «ሞር» የሚለውን ቃል አይቶ «ኖት» የሚለውን ከዘለለ፣ «ከ8 በላይ ይውሰዱ» ብሎ ለእናቱ ያነብላታል። «ኖት ለስ ዛን» የሚለው ደግሞ «የማያንስ» ማለት ስለ ሆነ ትእዛዙ ተገላቢጦ ነው። ሁለቱ አነጋገሮች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ የሚለያዩት በመካከላቸው ባለችው በአንዲት ቃል ነው።

በመሥሪያ ቤት ማስታወቂያም እንደዚሁ ያለ ነገር ይገኛል። «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ» ሲባል ልክ ሁለት ዓመት የሠራው ሰው ይገባበታል፤ «ከሁለት ዓመት በላይ የሠራ» ሲባል ግን እርሱ ይቀራል፤ ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን የሠራው ይገባል። በእንግሊዝኛ ፊተኛው «ቱ ይርስ ኦር ሞር»፣ ኋለኛው «ሞር ዛን ቱ ይርስ» ነው። ማስታወቂያውን የሚተረጉመው ጸሓፊ ሁለቱን አንድ አድርጎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ በአማርኛው የተጠራው ሰው በእንግሊዝኛው ይከለከላል። ያ ሰው ማስረጃውን በእጁ ይዞ፣ ዓመቱን ቈጥሮ ልክ ሁለት መሙላቱን አረጋግጦ፣ ከላፍቶም ይሁን ከሩቅ ወረዳ መጥቶ በደጁ ይሰለፋል፤ መዝገብ ያዡም እንግሊዝኛውን አንብቦ ወረቀቱን ይመልስለታል።